ሹመትና ሽረት፤ በጉራጌ ምድር ሥልጣንና ውሳኔ የሚነሡባቸው ቃላት

በአማርኛ ውሳኔን ማፍረስን፣ ሕግን ማስቀረትንና ባለሥልጣንን ከቦታው ማንሣትን የሚገልጹ ቃላት ብዙ ናቸው፤ በዕለት ተዕለት ንግግርም አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ ይነገራል። ይሁን እንጂ «ተሻረ»፣ «ወረደ»፣ «ተነሣ»፣ «ለቀቀ»፣ «ተገለበጠ»፣ «ተፈታ» እና «ውድቅ ሆነ» የሚሉት ግሦች ሁሉም የነገሩን ማብቃት ቢናገሩም፣ ያበቃው በማን እጅ፣ በምን መብትና በምን አኳኋን እንደሆነ ሲጠየቅ እያንዳንዳቸው የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ይህን ልዩነት ማወቅ ለሰዋስው ተማሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ የሚያስተዳድረውን ማን እንደሾመውና ማን ሊሽረው እንደሚችል ሊያውቅ ለሚገባው ዜጋ ሁሉ ያስፈልጋል።

ጉዳዩን ለመመርመር የጉራጌ ምድር የተመቸ ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የጉራጌ ዞን መቀመጫ ወልቂጤ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውና ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ፣ ሁለት የአስተዳደር ልማዶች ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የመንግሥት ሹመትና ሽረት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሽማግሌዎች ተሰብስበውና ተመካክረው የሚወስኑበት፣ የወሰኑትንም ራሳቸው የሚያሻሽሉበት የሸንጎ ሥርዓት ነው።

የ«ሻረ» ስፋት

«ሾመ» እና «ሻረ» በአማርኛ ተጣምረው የሚሄዱ ግሦች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከግእዙ «ሤመ»፣ ሁለተኛው ደግሞ ከግእዙ «ሠዐረ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ከሁለቱ ጥምረት «ሹም ሽር» የሚለው ስያሜ ተገኝቷል። ሹም ሽር ማለት የበላዩ የበታቹን እንደ ፈቃዱ የሚያስቀምጥበትና የሚያነሣበት አሠራር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የቆየ ተረት የተወለደው ከዚሁ አሠራር ነው፤ ተረቱ ብዙውን ጊዜ ሙሰኛን ለማጽደቅ ቢጠቀስም፣ በውስጡ የሚነበበው ግን የሹመት ዕድሜ በሾመው ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ በተንጠለጠለበት ዘመን ሹሙ ለሕዝቡ ሳይሆን ለነገው ስጋት ይሠራ እንደነበር ነው።

የ«ሻረ» ትርጉም ግን በሹም ላይ አያበቃም። ሕግ ይሻራል፣ ኑዛዜ ይሻራል፣ ሰንበት ይሻራል፣ ቃል ኪዳንም ይሻራል፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጸንቶ የነበረ አንድ ግዴታ ኃይሉን ያጣል። በሌላ በኩል ቁስልም ይሽራል፣ በሽተኛም ይሽራል፤ «የሞት ሽረት ትግል» በሚባልበት ጊዜም «ሽረት» የሚለው ቃል የሚያመለክተው መዳንን ነው። ሕመም ሲለቅና ሥልጣን ሲለቅ በአንድ ድምፅ መጠራታቸው ለአንባቢ አንድ ቁም ነገር ያስታውሳል፤ መሻር በትክክለኛው ሥርዓት ሲፈጸም የማዳን ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ሥርዓት ሲፈጸም ግን አዲስ ቁስል ይከፍታል።

ዙፋን ያልነበረበት ምድር

ጉራጌ በአንድ ንጉሥ ሥር የተሰባሰበ መንግሥት አልነበረውም፤ የተለያዩት ቤቶች በጎሳ አለቆች፣ በጦር መሪዎችና በሽማግሌዎች እየተመሩ ኖረዋል። በመሆኑም በዚህ ምድር ከሁሉ በላይ የነበረው ሥልጣን የአንድ ሰው ዙፋን ሳይሆን ጉባኤ ነበር። ቸሃን፣ እዣን፣ ጉመርን፣ ጌታን፣ እነሞርን፣ እንደጋኝንና ሙኽርን የሚያቅፈው የሰባት ቤት ጉራጌ የበላይ ሸንጎ «የጆካ» ይባላል፤ ሸንጎው የሚመራበት ባህላዊ ሕግም «ቅጫ» በመባል ይታወቃል። የሶዶ ክስታኔ ሕዝብ በበኩሉ «ጎርደና ሴራ» የሚባለው የራሱ ሥርዓት አለው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ መብራራት ያለበት ነገር አለ። «ሴራ» የሚለው ቃል በአማርኛ በስውር የሚሸረብ ተንኮልን፣ በተለይም ሥልጣንን ለመንጠቅ የሚደረግ ምሥጢራዊ ስምምነትን ሲያመለክት፣ በክስታኔ ግን በአደባባይ የጸደቀና ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ማለት ነው። ስለዚህ የቃሉን የአማርኛ ትርጉም ብቻ የሚያውቅ ሰው «ጎርደና ሴራ» የሚለውን ስም ሲሰማ፣ ግልጽ የሆነውን የሕዝብ ሕግ የድብቅ አድማ አድርጎ እንዳይረዳው ያስፈልጋል።

በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ክርክር ከመንደር ሽማግሌዎች ይጀምርና ያልረካው ወገን ወደ ጎሳው፣ ከዚያም ወደ ቤቱና ወደ የበላዩ ሸንጎ ይወስደዋል፤ የበላዩ ሸንጎም የታችኛውን ውሳኔ ሊያጸና ወይም ሊለውጥ ይችላል። ቅጫውን ለማሻሻል ሲፈለግ ጉዳዩ በሸንጎ ፊት ቀርቦ ሽማግሌዎች ይከራከሩበታል፣ ይመካከሩበታል፣ ሲስማሙም አዲሱ ደንብ ይነገራል። ውሳኔን አልቀበልም ያለ ሰው በእስር ቤት አይቀጣም፤ ከለቅሶና ከደቦ፣ ከእሳትና ከቡና በመገለል ይቀጣል። መገለሉም ዘላለማዊ አይደለም፤ ጥፋቱን አምኖ ካሣውን ሲከፍልና ሲታረቅ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ውስጥ መሻር ሁለት ጠባዮች አሉት፤ ያጸናው አካል ራሱ ይሽራል፣ የተሻረው ሰውም መመለሻ መንገድ አለው።

የቤተ መንግሥቱ ሹም ሽር

የጉራጌ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሩብ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ሲጠቃለል፣ ከፊሉ በስምምነት፣ ከፊሉ ደግሞ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ እንደመሩት ያለ ብርቱ ተጋድሎ ከተደረገ በኋላ፣ ከላይ የሚወርደው ሹመት አብሮ ገባ። ባላባት፣ ቆሮና ጭቃ ሹም የሚባሉት የግብርና የአስተዳደር ሹሞች ሥልጣናቸው ከሸንጎው ስምምነት ሳይሆን ከበላያቸው ካለው ገዥ የመነጨ በመሆኑ፣ የሚሻሩትም በእርሱ ትእዛዝ ነበር።

ይህ አሠራር እስከ ታላላቆቹ መኳንንት ድረስ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ፣ ከጉራጌ ምድር እንደተገኙ በብዙዎች የሚነገርላቸው የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ታሪክ ነው። በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉት፣ በዐድዋ ጦርነት ከመድፈኞቹ ጋር ስማቸውን ያስጠሩት ባልቻ፣ በኋላ የሐረርና የሲዳሞ ገዥ ሆነዋል። በ1920 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ መኮንን ሥልጣን እየበረታ ሲሄድ፣ ባልቻ ብዙ ጦር አስከትለው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በግብር ተጋብዘው ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ የሰፈረው ሠራዊታቸው እንዲበተን ተደረገ፤ በግዛታቸውም ላይ ሌላ ሹም ተቀመጠ። ሲመለሱ የሚያዝዙት ጦር አላገኙም፤ እጃቸውን ሰጡ፣ ታሰሩ፣ ከእስር ከወጡም በኋላ ከአደባባይ ርቀው በገዳማዊ ኑሮ ቆዩ፤ የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ግን እርጅና ሳያግዳቸው ወደ ጦር ሜዳ ተመልሰው በ1929 ዓ.ም. በአርበኝነት ወደቁ።

በዚህ ሽረት ውስጥ ክስ አልተነበበም፣ ሸንጎ አልተቀመጠም፣ ተከሳሽም መልስ አልሰጠም። ሽረቱ ደም ሳይፈስ መፈጸሙ የአልጋ ወራሹ ብልሃት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ኃይሉ በሙሉ ያረፈው በሻሪው ብልሃት ላይ እንጂ በሥርዓት ላይ አለመሆኑ፣ በጆካ ሸንጎና በቤተ መንግሥት መካከል የነበረውን ርቀት ጉልህ አድርጎ ያሳያል።

የታሰረውን መፍታት

ከ«ሻረ» ቀጥሎ ትልቅ ቦታ ያለው ቃል «ፈታ» ነው። መፍታት የሚያስፈልገው አስቀድሞ የታሰረ ነገር ሲኖር ነው፤ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክም ከሰንሰለት ይልቅ ብዙ ሰው ያሰረው መሐላና ግዝት ነበር። ግዝት ማለት በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የሚጣል፣ የጣሰውን ሰው ከማኅበረ ምእመናን የሚለይ ክልከላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው ባስታወቁ ጊዜ መኳንንቱና ሕዝቡ በመሐላና በእርግማን ታስረው ነበር። በመሆኑም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ጨምሮ መኳንንቱ ኢያሱን ከሥልጣን ለማውረድ ሲሰበሰቡ፣ ክሱን ማንበብ ብቻውን አልበቃም፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ታሳሪዎቹን ከመሐላቸው መፍታት ነበረባቸው። መፈታቱ ግን ጦርነትን አላስቀረም፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተዋግተው እስኪሸነፉ ድረስ ጉዳዩ አልተቋጨም።

በጉራጌ ምድር መፍታት የሚለው ቃል ከዙፋን ይልቅ ለትዳር ቅርብ በሆነ መልኩ ተፈትኗል። ቀድሞ «አንቂት» የሚባለው ልማድ ባሏን ትታ የወጣች ሴት እርሱ ካልፈቀደላት ሌላ ባል እንዳታገባ ያስራት ነበር፤ ባልየው ግን በጋብቻ ላይ ጋብቻ ለመጨመር የሚያግደው እስር አልነበረበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላት የሙኽሯ የቃቄ ወርድወት ይህን ልማድ ተቃውማ፣ ሴቶችን አስተባብራ፣ ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት በጆካ ሸንጎ ፊት ለመቅረብ የደፈረች ሴት ናት። ታሪኳ በጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ደራሲነት «የቃቄ ወርድወት» በሚል ርእስ ለመድረክ በቅቶ በብሔራዊ ቴአትር በመታየቱ ከጉራጌ ውጭ ባለው ሕዝብ ዘንድም ታውቋል።

የወርድወት ክርክር ክብደት የሚታወቀው ከተጠቀመችበት መንገድ ነው። ሕጉን በስውር አልጣሰችውም፣ ከአገርም አልሸሸችም፤ ሕጉን ያጸናው ጉባኤ ሕጉን እንዲፈታ ጠየቀች። ሸንጎው በሥሩ ያሉትን ሁሉ እኩል ለመስማት ያልተዘጋጀ መሆኑ ድክመቱ ነበር፤ የሚጠየቅበት አደባባይ ያለው መሆኑ ግን ጥንካሬው ነበር። ጋብቻ በሞት፣ በፍርድ ቤት በሚወሰን ፍቺና ሕግ በሚያውቃቸው ሌሎች ምክንያቶች ብቻ እንዲፈርስ፣ ፍቺ የመጠየቅ መብትም ለባልና ለሚስት እኩል እንዲሆን የሚደነግጉት የዛሬዎቹ የቤተሰብ ሕጎች፣ እርሷ የጠየቀችውን ዘግይተው የመለሱ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ማውረድ፣ መገልበጥና መፈንቀል

«አወረደ» የሚለው ቃል ከፍታን ይገምታል፤ ሰው የሚወርደው ከዙፋን፣ በቀድሞው አነጋገር ደግሞ ከአልጋ ነው። «ገለበጠ» እና «ፈነቀለ» ግን ከፍታን ሳይሆን ኃይልን ይናገራሉ፤ ፈነቀለ ማለት የተተከለን ድንጋይ ከሥሩ እንደ መንቀል ያለ ድርጊት ሲሆን፣ «መፈንቅለ መንግሥት» የሚለው ስያሜ የታጠቀ ቡድን ከሕግ ውጭ መንግሥትን ለመንቀል የሚያደርገውን ሙከራ ያመለክታል። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የጀመሩት ሙከራ በኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ተጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሽፏል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የተፈጸመው ደግሞ በተለምዶ «ንጉሡ ወረዱ» ተብሎ ይነገራል። የደርግ መኮንኖች ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ውሳኔውን አነበቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ደርግ ይህን ለማድረግ ሥልጣን የሰጠው ሕግ አልነበረም፤ ሆኖም ድርጊቱን በአዋጅ ቁጥር 1/1967 አስደግፎ አቅርቦታል። በኃይል የተፈጸመ ነገር የሕግ ቃል ሲለብስ ቃሉ የሚያደርገው ሥራ እንዲህ ነው፤ ፈንቃዩ ራሱን ሻሪ አድርጎ ያቀርባል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ደግሞ የባላባቱና የጭቃ ሹሙ ሥልጣን መሠረቱን አጣ፤ በጉራጌ ገጠሮችም የገበሬ ማኅበራት ቦታቸውን ያዙ።

«ለቀቀ» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ድርጊቱ የባለሥልጣኑ የራሱ ነውና። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣን መልቀቁ፣ እንዲሁም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸው የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ከበስተጀርባ የሕዝብ ተቃውሞ ግፊት እንደነበረ ቢታወቅም፣ ቃሉ የመጨረሻውን እርምጃ ለባለሥልጣኑ ያስቀርለታል።

በችሎትና በሰነድ ላይ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ተራው ሰው ከእነዚህ ቃላት ጋር ብዙ ጊዜ የሚገናኘው በዙፋን ጉዳይ ሳይሆን በፍርድ ቤትና በሰነድ ጉዳይ ነው። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቀረበለት ፍርድ ላይ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ፍርዱን ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይም ይሽራል። ማጽናት እንዳለ ማስቀጠል፣ ማሻሻል ከፊሉን መለወጥ፣ መሻር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኃይል ማሳጣት ነው። «ዕግድ» ከሽረት ይለያል፤ የታገደ ውሳኔ ወይም የታገደ ሠራተኛ ለጊዜው ቆሟል እንጂ አላበቃለትም። የተሰናበተ ሠራተኛ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ባለጉዳይ የይግባኝ ጊዜውን ሊያሳልፍ፣ መብቱንም ሊያጣ ይችላል።

ኑዛዜ ሌላው ምሳሌ ነው፤ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ኑዛዜውን መሻር ይችላል፣ ወራሾቹ ግን በስምምነትም ሆነ በማስገደድ ይህን መብት ሊነጥቁት አይችሉም። ውክልናም እንዲሁ ነው። ከጉራጌ ወጥቶ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚነግድ ብዙ ሰው አገር ቤት ላለው ቤትና ቦታ ዘመዱን ይወክላል፤ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ቢችልም፣ ሽረቱ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበና ተወካዩም ሆነ ከእርሱ ጋር የሚዋዋሉት ሰዎች ካላወቁት፣ የተሻረው ሰነድ ጉዳት ማድረሱን ሊቀጥል ይችላል። ነጋሪት የሚጎሰምበት ዘመን አልፎ ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ መታተማቸውም ከዚሁ ፍላጎት የመጣ ነው፤ መሻር የሚጸናው ሲታወቅ ነው።

የሕግ መሻር ከሕዝብ ኑሮ ጋር እንዴት እንደሚጋጭም የጉራጌ ምድር ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት የተዘጋጀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ሲሠሩ የነበሩትን የተጻፉና የልማድ ደንቦች በሙሉ ሽሯል። በዚህ አንድ አንቀጽ የጆካ ቅጫና ጎርደና ሴራ ጋብቻን፣ ውርስንና መሬትን በሚመለከቱ ብዙ ጉዳዮች ላይ በወረቀት ደረጃ ተሻሩ። ሕዝቡ ግን አልሻራቸውም፤ ሽማግሌዎቹም መቀመጣቸውን አላቆሙም፣ ባለጉዳዩም ከፍርድ ቤት በፊት ወይም ከፍርድ ቤት በኋላ ወደ እነርሱ መሄዱን ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብና የግል ጉዳዮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ ለሕግ በር ሲከፍት፣ በተግባር ያልሞተውን ነገር በሕግ አወቀው። ሕግ አውጪው ያላጸናውን ነገር በአንድ ብዕር መሻር እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የአስተዳደር መዋቅር ሲፈርስ

በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ውድቅ አደረገ» እና «ፈረሰ» የሚሉት ቃላት በወልቂጤና በቡታጅራ ጎልተው ተሰምተዋል። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጉራጌ በክልል እንዲደራጅ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዞኑን ከሌሎች ጋር በአንድ ክልል የሚያጣምረውን፣ «ክላስተር» እየተባለ ይጠራ የነበረውን አደረጃጀት በአብላጫ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ውድቅ ማድረግ ከመሻር የሚለየው ገና ያልጸናን ነገር ስለሚመለከት ነው፤ የቀረበን ሐሳብ አለመቀበል ነው እንጂ የጸናን ማፍረስ አይደለም። ቢሆንም የቀድሞው የደቡብ ክልል ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012፣ ደቡብ ምዕራብ መስከረም 20 ቀን 2014፣ ቀጥሎም የደቡብ ኢትዮጵያ ዞኖች ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ባደረጓቸው ሕዝበ ውሳኔዎች ደረጃ በደረጃ እየተከፈለ ሄዶ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀሩት ዞኖች የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆኑ፤ ጉራጌም በዚሁ ውስጥ ተካተተ።

ስለ አደረጃጀቱ ጥቅምና ጉዳት ሰዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ነገር ግን አንድ የተመረጠ ምክር ቤት በድምፅ የወሰነው ነገር ሌላ አቅጣጫ ሲይዝ፣ ሕዝቡ «የምክር ቤታችንን ውሳኔ ማን ሻረው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውም በቁጣ ሳይሆን በግልጽ መልስ መስተናገድ ነበረበት፣ ይገባዋልም።

ሻሪው ማን ነው?

የአማርኛ ግሥ «ተ» ሲጨመርበት ብዙውን ጊዜ ተገብሮ ይሆናል፤ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ሳይጠራ ድርጊቱ የደረሰበትን ብቻ ይናገራል። በየከተማው የሚሰማው «ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል» የሚለው የዜና ቃል የዚህ ዓይነት ነው፤ ማን እንዳነሣቸው፣ በምን ጥፋት፣ በየትኛው አንቀጽና በማን ፊት መልስ ሰጥተው እንደተነሡ ዓረፍተ ነገሩ ሳይናገር ያልፋል። ይህን ዓይነት አነጋገር የለመደ ሕዝብ ሹመትን እንደ ዝናብ፣ ከላይ የሚወርድና ከላይ የሚቆም ነገር አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ለሹሙም ለሕዝቡም ጉዳት ነው፣ ጥፋተኛው ጥፋቱ ሳይገለጽ ወደ ሌላ ወንበር ይዛወራልና፣ ንጹሑም ስሙን የሚያጠራበት አደባባይ ያጣልና።

ሕገ መንግሥቱ ግን ሌላ ነገር ይላል። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ የ«አነሣ»ን ባለቤት ይጠራል፤ ባለቤቱ ሕዝብ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ያለው መራጭ ይህን መብቱን በስም እንኳ የማያውቀው ከሆነ፣ የተጻፈው ሕግ ሕይወት አላገኘም ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቶች፣ የአካባቢ ሬዲዮኖችና ምክር ቤቶች ሊያስተምሩት ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ከሩቅ አገር አብነት መፈለግ አያስፈልግም። የጉራጌ ሽማግሌዎች ሥርዓት፣ ሴቶችን ከሸንጎ ያራቀበትን ጉድለት ጨምሮ ከነድክመቱ፣ ለየትኛውም የመንግሥት ወንበር የሚበቁ ሦስት ጥያቄዎችን ያስቀምጣል፤ የሻረው ያጸናው አካል ነውን? የሚሻረው ሰው በአደባባይ ተሰምቷልን? ከተሻረስ በኋላ የሚታረቅበትና የሚመለስበት መንገድ አለውን? ለእነዚህ መልስ ያለው ሽረት አገርን የሚያድን ሽረት ነው፤ መልስ የሌለው ግን ምንም ዓይነት የሕግ ቃል ቢለብስ ከመፈንቀል አይለይምና፣ ዜጎች «ተሻረ» የሚለውን ዜና በሰሙ ቁጥር «ማን ሻረው?» ብለው የመጠየቅ መብታቸውን ሊያስከብሩ ይገባል።